የቀረ ሰው ተራ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሜላት፤ አበርዲን፣ ስኮትላንድ።

እንደምን ከርመሻል የኔ ልጅ? ብርዱስ፣ ሥራውስ፣ ብቸኝነቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ጉልበቴን ቢቆረጥመኝም፣ ዝናቡ ጥቅምት ገብቶም አልወጣ ብሎ ቢያንገሸግሸኝም፣ እሱ የተመሰገነ ይሁን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። እመቤታችን በምትገቢበት በምትወጪበት ትቅደምልሽ። የእናትሽንም ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ታሳርፍልኝ።

ስልኩማ ተስፋ አስቆርጦኛል። ኔትወርክ መጣ ሲሉኝ ሮጬ ስይዘው የለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ባሕር ዳር ለሚወርድ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ በፖስታ ቤት በኩል ይልክልኛል። ሲደርስሽ ይደርስሻል፣ ምን ይደረጋል።

ድርጅታችሁ የላከው ሣጥን ደርሷል። ቀለሙም፣ ብሩሹም፣ ወረቀቱም ደህና ነው። ግን ነጩ ሁለት ቱቦ ብቻ? ምን ነካችሁ? እንጅባራን እኮ ታውቂያታለሽ፤ ጠዋት ጉም፣ ማታ ጉም። ዘንገናን ልሣል ብሎ የተቀመጠ ሰው ሐይቁን ትቶ ጉሙን ሥሎ ነው የሚነሣ። ቀዩን በሙሉ ውሰጂና ነጭ ስጪን።

አንቺ ለምነሽ ያመጣሽልን የጎልማሶች የሥዕል ትምህርት ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። አሥራ ሁለት ነን፣ እስካሁን አንድም አልጎደለ። መምህራችን እንግዳው እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዳንግላ በሚኒባስ እየመጣ ያስተምረናል። ፋና፣ የአዲስ ቅዳም ከተማዋ ከሰል ነጋዴ፣ ጣቷ ላይ የቀረውን ጥላሸት ወረቀቱ ላይ ጠርጋ ሥዕል ታደርገዋለች። ክንዴ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይገባል፤ ተሳፋሪ በተጣራ ቁጥር ብሩሹን ጥሎ ይሮጣል። ጋሽ ሽባባው፣ የቀርከሃ ወንበር ሠሪው፣ ከፈረስ ሌላ አልሥልም ብሏል። የፈረሶቹ እግር ደግሞ የወንበር እግር ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጉልበት የሌለው። ስንስቅበት «ይሄ ፈረስ ብትቀመጡበት አይሰበርም» ይለናል።

እኔማ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ የኔ የሚባል ሰዓት የለኝም። አንዱ ለልቅሶ ይጠራኛል፣ አንዱ የክርስትና ወጥ ሥሪልኝ ይለኛል። እሑድ ከሰዓት በርጩማዬ ላይ ስቀመጥ ግን «ይታይሽ ተነሽ» የሚለኝ የለም። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ያገኘሁት ነገር ይኼ ነው። እንዳይወሰድብኝ ብቻ።

አክስትሽ ይታይሽ


አበርዲን፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ይታይሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ደብዳቤዎ አርባ ቀን ፈጅቶ ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፤ ወደ ቤት እስክገባ መታገሥ አልቻልኩም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ከእናቴ የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

እኔ ደህና ነኝ፣ ድካሙ እንጂ። ጠዋት አዛውንቶች ከሚጦሩበት ቤት አጥቤ፣ አልብሼ፣ አጉርሼ እወጣለሁ። ከሰዓት ድርጅቱ ቢሮ እገባለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ከማንም ጋር መነጋገር አልፈልግም፤ ደግነቱ የሚያናግረኝም የለ።

ነጩን ልኬያለሁ፤ ስድስት ቱቦ ነው። አሁን አንድ የማልወደውን ነገር ልንገርዎት። ቢሮው አዲስ ደንብ አውጥቷል። በየስድስት ወሩ ከእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥዕል፣ ስሙ ከታች ተጽፎበት መምጣት አለበት። የሚማሩት ሰዎች ከስምንት ካነሱ ድጋፉ ይቆማል። ለቤቱ ኪራይም፣ ለመምህሩም፣ ለቀለሙም። በሌላ አገር ሁለት ቦታ ዘግተዋል። «እንጅባራስ?» ሲሉኝ «የኔ አክስት ያለችበት ቦታ አይፈርስም» አልኳቸው። ስሜን አስይዤልዎታለሁ እትዬ። እባክዎ ሰዉን ሰብስበው ይያዙልኝ።

ልጅዎ ሜላት


እንጅባራ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሜላት፤

እንደምን አለሽልኝ? ገናውም ጥምቀቱም ያላንቺ አለፈ። እኔ ደህና ነኝ ልበል፤ ባልልስ ማን ይሰማኛል። ለነዚያ አዛውንቶች የምትደክሚውን ድካም አምላክ ለልጅሽ ይመልስልሽ፤ ልጅ የለሽም እንዳትይኝ፣ ይሰጥሻል።

ነጩ ደረሰ፣ ተባረኪ። ይኸው አሥራ ሁለት ሥዕል ቀርከሃ ውስጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ዝናብ እንዳይነካው አፉን በሰም ደፍኜዋለሁ። ስማቸው ከታች አለ።

መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። እንግዳው በወር አንዴ ብቅ ካለ ጥሩ ነው። ሰዉም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለበት። አንቺ ግን አታስቢ። እንደ ማርያም ማኅበራችን አድርገነዋል፤ የቀረ ሰው ተራው አይጎድልበትም። እናትሽ ታማ በተኛችበት ዓመት የተራዋን ድግስ ማን እንደደገሰላት ታውቂ የለ? በስሟ ተበላ፣ በስሟ ተጠጣ፣ ምርቃቱም ለሷ ነው የደረሰው። ማንም ቀረች አላላትም።

እንግዲህ በርቺ። ቀዩን ለምን እንደምትልኩት ግን ዛሬም አልገባኝም።

አክስትሽ ይታይሽ


አበርዲን፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለእትዬ ይታይሽ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ! ጾሙን እንዴት ወጡት?

እትዬ፣ ምን ልበልዎት! ቀርከሃውን ቢሮ ውስጥ ስከፍተው ሰው ሁሉ ከበበኝ። አለቃዬ እንደ ሕፃን ነው የሆነችው። ስለ ማኅበሩ የጻፉልኝንም «እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ» ብዬ ተረጎምኩላት፤ በጣም ወደደችው።

የጋሽ ሽባባው ፈረስ ግን ሁሉንም አስረሳ። ያ ተኝቶ ሊነሣ ሲል የፊት እግሩን አጥፎ የሚታየው። እርስዎ የወንበር እግር ነው ይሉኝ ነበር፤ ይኸው ጉልበት አውጥቶለታል! በመስተዋት አስገብተው መግቢያው ላይ ሰቅለውታል። እኔም ጠዋት ስንትና ስንት ሽማግሌ ከአልጋ ሳነሣ ውዬ ስመጣ፣ ያን ፈረስ አየውና «በርታ፣ ተነሣ» እለዋለሁ። ለራሴ መሆኑ ነው።

አሁን አንድ ነገር ይፈልጋሉ። በመስከረም ትልቅ ስብሰባ አለን። ጋሽ ሽባባው ራሳቸው ብሩሽ ይዘው፣ ስለ ፈረሱ ሦስት ደቂቃ ያህል በስልክ ተቀርጸው ቢናገሩ፣ ለሌላ ሦስት ዓመት ድጋፍ እናገኛለን ይላሉ። ኔትወርክ ባይኖር እንኳ በሚሞሪ ካርድ ባሕር ዳር ይላኩልኝ። ሦስት ዓመት እኮ ነው እትዬ! ጋሽ ሽባባውን በኔ ስም ጉልበት ስመው ይለምኑልኝ።

ልጅዎ ሜላት


እንጅባራ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሜላት፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ግንቦት ላይ ደርሶኛል። መልሱን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት፤ የዘገየሁት መንገድ ተዘግቶ አይደለም፣ አልዋሽሽም።

ጋሽ ሽባባው ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት አርፏል። ሳንባውን ነው ያሉት። ከመሞቱ በፊት ከትምህርቱ የቀረው ሁለት እሑድ ብቻ ነው።

ፈረሱን የሣልኩት እኔ ነኝ።

ምነው ደነገጥሽ? ነግሬሽ የለ? የቀረ ሰው ተራው አይጎድልም ብዬ ጽፌልሽ የለ? ፋና ልጇ ታማባት ግምጃ ቤት ከተማ ከወረደች ወዲህ አልተመለሰችም፤ የሷን ከሰል ከሰል አድርጌ ሠራሁላት። ክንዴ ቤንዚን ሲያጣ ባጃጁን ሸጦ ዳንግላ ገባ፤ የሱን መንገድ መንገድ አድርጌ ሠራሁለት። ዛሬ እሑድ እሑድ የምንገናኘው አራት ነን። ስምንቱን ተራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም በየጠባዩ፣ በየእጁ ነው የሠራሁት፤ ለማታለል አይደለም፣ የሰውን ድግስ በሰው ሙያ መደገስ ወግ ስለሆነ ነው። የፈረሱን እግር ግን ቀጥ አድርጌ መተው አልሆነልኝም፤ እጄ አጠፈው።

ስማቸውን ብሰርዘው ምን እላቸዋለሁ ሲመለሱ? «ቦታሽን ለሰው ሰጠሁት» ልበላት ፋናን?

ሰዎችሽ እንዲህ እንደሚያደርጉት አላወቅሁም። እኔ መስተዋት ውስጥ አስገቡት አላልኩ።

አክስትሽ ይታይሽ


አበርዲን፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፤

ጋሽ ሽባባውን ነፍስ ይማር። አዝኛለሁ።

ግን ምን አደረጉኝ እትዬ? እኔ እኮ ለሰዎቹ አፌን ሞልቼ ተናግሬአለሁ። የሞተ ሰው ታሪክ ጽፌ፣ በስሙ አስጨብጭቤ፣ ስብሰባው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እዚህ ማኅበር የለም። ተራ የለም። አንድ ሰው በሌላ ሰው ስም ከሠራ አጭበረበረ ነው የሚባለው፤ ያመጣሁላቸውም እኔ ነኝ። ቢያባርሩኝ «ወግ ነው» ብዬ አስረዳቸዋለሁ?

ደግሞ ያናደደኝ ይህ ብቻ አይደለም። ያን ፈረስ በየቀኑ እያየሁ «አንድ ሽማግሌ በሰባ ዓመቱ ጉልበት መሣል ተማረ» እል ነበር። ደክሞኝ ስመጣ ያቆመኝ ይኼ ነበር። እሱንም ወሰዱብኝ።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለአሁኑ «ታመዋል» ብያቸዋለሁ። ይኸው እኔም ዋሸሁ።

ሜላት


እንጅባራ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሜላት፤

ደህና ነሽ ወይ? ያለ ምርቃት የጻፍሽልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ ሆድ ባሰኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ተናድጄብሽ ነበር። አጭበርባሪ! እኔ! የሰው ልጅ ሳዋልድ ሳስታምም፣ የሰው ሬሳ ሳጥብ የኖርኩ ሴት! አንቺንም ያዘልኩሽ ነኝ እኮ። አንድ ሳምንት ሙሉ እሳት ለብሼ ሰነበትኩ።

ከዚያ ምስክር ላገኝ ብዬ፣ ለሁለተኛው ስድስት ወር በጋሽ ሽባባው ስም የሠራሁትን ሌላ ፈረስ ይዤ ባለቤቱ ምህረቴ ዘንድ ሄድኩ። ትመርቀኛለች ብዬ እኮ ነው። «ተራውን ያዝኩለት» አልኳት። ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው። «ያምራል፤ የሱ ግን አይደለም» አለችኝ።

ወደ ጓዳ ገብታ አንዱን አወጣች፤ ያንን የወንበር እግር ያለውን፣ አንገቱ የዞረ ይሁን የተሰበረ የማይታወቀውን። «ይሄን ሲሠራ ሦስት እሑድ ፈጅቶበታል፤ እየተሳደበ ነበር የሚመጣ። 'ዛሬም አልታጠፈልኝም' ይለኝ ነበር። አንቺ አጠፍሽለት» አለችኝ። እየተቆጣችኝ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሠራሁትን ጠቅልላ መለሰችልኝና «ሰውዬው አርፏል እኮ ይታይሽ። ምነው ብታሳርፊው?» አለችኝ።

መንገድ ላይ የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። ድግስማ የሠራው ሰው አይታወቅበትም ልጄ፤ ተበልቶ ያልቃል። ይኼ ግን አያልቅም። እኔ ተራውን የያዝኩለት መስሎኝ ያችኑ የቀረችውን፣ ያችን የማትታጠፍ እግሩን አጠፋሁበት።

ንገሪያቸው። ሁሉንም ንገሪያቸው። አክስቴ ናት ብለሽ አትሸፍኚኝ። ቤቱን ቢወስዱት ይውሰዱት፤ እኔ ምን አባቴ ላድርግ፣ እሑድ ቀድሞም አልነበረኝም። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። እንዲወሰድብኝ አልፈልግም ነበር።

አክስትሽ ይታይሽ


አበርዲን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አክስቴ ለእትዬ ይታይሽ፤

በመጀመሪያ ይቅር ይበሉኝ። በዚያ ደብዳቤ ሳልመርቅ፣ ሳልመረቅ ዘጋሁት፤ ከዚያ ወዲህ የበላሁትም አልበጀኝ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ እጅዎንም ይባርክልኝ።

ነገርኳቸው። የመስከረሙ ስብሰባ በዚያው «ታመዋል» ባልኩት ውሸት አልፎ ነበር። አላባረሩኝም። ግን ድጋፉ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይቆማል። አራት ሰው ነው የቀረው፤ ደንቡ ስምንት ይላል። ቀለሙና ወረቀቱ የእናንተው ነው፤ ቤቱን ግን መመለስ አለባችሁ። ለመምህር እንግዳው የሦስት ወር ይከፍሉታል። ተከራክሬ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ደክሞኛል እትዬ፤ ከዚህ በላይ ለመጮህ አቅም አጣሁ።

ፈረሱን ከግድግዳው አወረዱት። እኔ ወሰድኩት። አሥራ ሁለቱንም ወለሉ ላይ ዘርግቼ ሳይ ዋልኩ። የፋና ተብሎ የተሠራው ያምራል። የክንዴ ተብሎ የተሠራው ያምራል። ከዚያ የእርስዎን ስም ፈለግሁ። ከሁሉም ያነሰች፣ በተረፈ ቀለም የተቀባች ግራጫ ወረቀት ናት። ምን እንደሆነችም አይለይም። ለሁሉም ሠርተው ሲጨርሱ ለራስዎ የቀረዎት እሷ ነበረች?

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለድርጅቱ አይደለም፤ ማንም አይሰቅለው፣ ማንም አያየው። የራስዎን አንድ ሥዕል ይሥሩልኝ። የማንንም ተራ ሳይዙ።

ልጅዎ ሜላት


እንጅባራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለሜላት፤

ይቅርታሽ ደርሶኛል፤ እኔም ይቅር በይኝ፤ ፈጣሪ ሁለታችንንም ይቅር ይበለን። ሰው ይሰብስብሽ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ።

የቤቱን ቁልፍ አስረክበናል። አከራዩ በማግሥቱ ድንች አስገባበት። አራታችን እሑድ ቤቴ እንገናኝ ተባብለን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተገናኘን፣ ሦስተኛው ላይ አንዷ ልቅሶ ሄደች፣ ሌላው ድካም ጣለው። እኔም አልጠራኋቸውም። ተራ መያዝም ሰው መጥራትም ሰልችቶኛል።

የራስሽን ሥሪ ብለሽኝ መከራዬን አሳየሽኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ስቀመጥ ፈረስ ይመጣል፤ እሱ የጋሽ ሽባባው ነው። ጥቁር ሲመጣ የፋና ነው። መንገድ ላድርግ ስል ክንዴ ይመጣብኛል። ሦስት እሑድ ባዶ ወረቀት ሳይ ውዬ ተነሣሁ። የሰው ጓዳ ስሞላ ኖሬ፣ የራሴ ምን እንደነበር ጠፍቶኛል ሜላት። አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

በአራተኛው እሑድ ያን ክፍላችንን ሣልኩት። መስኮቱን፣ የሚያፈሰውን ጣራ፣ አሥራ ሁለቱን በርጩማ። አራታችንን በየበርጩማችን አስቀመጥኩ፤ እኔ ጥግ ላይ ነኝ፣ በነጠላዬ ታውቂኛለሽ። ስምንቱን ባዶ ተውኳቸው። አቤት እንዴት ከበደኝ! ጋሽ ሽባባውን በርጩማው ላይ ላስቀምጠው እጄ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሦስት ጊዜ በሌላው እጄ ይዤ መለስኩት።

ከታች ይታይሽ ብዬ ጽፌ ልኬልሻለሁ።

አክስትሽ